ለማገልገል የሄደ ሰው ናፍቆት



በዚህ ጽሑፍ የምናጠናው ብዙ ጊዜ በግልጥ የማይነገር ጉዳይ ነው። ይኸውም አገሩንና ወገኑን ትቶ ሌሎችን ለማገልገል ወደ ሩቅ ቦታ በሄደ ወጣት ላይ የሚደርሰው ናፍቆት ነው። ስለ አገልግሎት ሲነገር የምንሰማው ስለ ሥራው ክብደትና ስለ ፍሬው ነው። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሥራ አልቆ በር ሲዘጋ፣ ሆድ የሚብሰው ለምን እንደ ሆነ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለዚህ ናፍቆት ያልጠበቀው ወጣት ሲደርስበት ይደነግጣል። አንዱ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሁም» ብሎ ሻንጣውን ያዘጋጃል፤ ሌላው ደግሞ እንደ ነውር ቆጥሮት ይደብቀውና ብቻውን ይታመምበታል።

ጉዳዩ ለእኛ ለመካነ ብርሃን ወጣቶች ሩቅ አይደለም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ በመምህርነት፣ በጤና ወይም በሌላ ሙያ ወደማያውቁት ክልል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች ጓድ ወጣት ባለሙያዎችን ከአገራቸው ውጭ በሌላ የአፍሪካ አገር ለ12 ወራት የሚያሰማራ ነው። የቀረነው ደግሞ እዚሁ ሆነን ከሌላ ቦታ የሚመጡትን እንቀበላለን። እንግዲህ ትምህርቱ ለሂያጁም ለተቀባዩም ነው። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ የናፈቀው ሰው መንገዱን የሳተ አይደለም፤ ናፍቆቱም የሚቀልለት ለመስጠት የሄደበት ሕዝብ የሚሰጠውን መቀበል ሲማር ነው።

1ኛ/ ናፍቆት ምንድን ነው?

በቋንቋችን ናፍቆት የሚነገረው በሰውነት ክፍል ነው። «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ዐይን ዐይኑ ውል አለኝ» እንላለን። አባቶቻችን ናፍቆት በአሳብ ብቻ የሚቀር ሳይሆን ሰውነትንም የሚነካ መሆኑን አውቀውት ነበር ማለት ነው። የናፈቀው ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ምግብ አይጥመውም፣ ራሱን ያመዋል፣ በትንሹ ነገር ያለቅሳል ወይም ይቆጣል።

በአውሮፓም ነገሩ በመጀመሪያ የታየው እንደ በሽታ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለዚህ ጉዳይ ጻፈ። ከግሪክኛ ሁለት ቃላት፣ ማለትም መመለስ ከሚለውና ሕመም ከሚለው፣ «ኖስታልጊያ» የሚል ስም አወጣለት። በጽሑፉ ከጠቀሳቸው ሕሙማን አንዱ ከበርን ለትምህርት ወደ ባዝል የመጣ ወጣት ነው። ይህ ወጣት ሊሞት ደርሶ ሳለ ወደ አገሩ እንዲወሰድ ተደረገና ገና መንገድ ላይ እያለ መሻል ጀመረ። በበርንና በባዝል መካከል ያለው ርቀት ብዙ አለመሆኑን ስናስብ ናፍቆት በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ እንረዳለን።

ዛሬ ናፍቆትን የሚያጠኑ ሰዎች በሽታ ብለው አይጠሩትም። ክሪስቶፈር ተርበር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ ከቤታቸው ወጥተው በክረምት ካምፕ ከሰነበቱ ወንዶች ልጆች ከመቶ 83ቱ ቢያንስ አንድ ቀን ናፍቆት እንደ ተሰማቸው ገልጧል። እንግዲህ ከቤቱ ወጥቶ መናፈቅ የብዙው ሰው ዕጣ ነው። የሚወደው ቤት ያለው ሰው ከዚያ ቤት ሲለይ ቢያመው ምን ያስደንቃል?

2ኛ/ ከእኛው ዘንድ ያለው ምሳሌ

ከቤት ርቆ መኖርን ለመማር ወደ ውጭ ማየት የግድ አይደለም። የአብነት ተማሪ ሕይወት ራሱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪው ገና በልጅነቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከእናቱ ቤት ይወጣል። ቅኔ ለመማር ወደ ጎጃም ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር እያለ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ዓመታት ያልፋሉ። ደብዳቤም ስልክም ባልነበረበት ዘመን እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን የምትሰማው በመንገደኛ አፍ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ናፍቆት የቻለው በምንድን ነው? አራት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ ብቻውን አይኖርም፤ ጎጆውን ከባልንጀሮቹ ጋር ሠርቶ አብሮ ያድራል። ሁለተኛ፣ ቀኑ ሥርዓት አለው፤ የሚቀጽልበት፣ እንጨት የሚለቅምበት፣ ለምግብ የሚወጣበት ሰዓት የታወቀ ነው። ሦስተኛ፣ «ልጄ» የሚለው የኔታ አለው። አራተኛ፣ ለእኛ ትምህርት ዋናው ይህ ነው፤ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከሕዝቡ እጅ ይበላል። ነገ አስተማሪና አገልጋይ የሚሆነው ሰው በመጀመሪያ የመንደሩን ቁራሽ ይቀበላል። የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለ፣ የትኛዋ እናት ጠርታ ትኩስ እንደምትሰጥ ያውቃል። የሰውን ደጅ እንዲህ ያወቀ ልጅ በዚያ መንደር እንግዳ ሆኖ አይቆይም።

3ኛ/ ከሩቅ ወደ እኛ የመጡ፣ ከእኛም የወጡ

አሜሪካ የሰላም ጓድ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ከ270 በላይ የሚሆኑ ወጣቶች በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥቂት አማርኛና ስለ አገራችን አንዳንድ ነገር ተምረው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አብዛኞቹ ጎንደርን ጨምሮ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ተመደቡ። የአገልግሎት ዘመናቸው ሁለት ዓመት ነበር። ከኮሌጅ በቅርቡ የወጣ የ22 ወይም የ23 ዓመት ወጣት ደብዳቤ ጽፎ መልሱን ለሳምንታት እየጠበቀ፣ በርበሬ ለምዶ፣ የሰዓት አቆጣጠራችንን ተምሮ ሁለት ክረምት ማሳለፍ ነበረበት።

በእኛም ወገን እንዲሁ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተባለው ደንብ አንድ ዓመት ወደ አውራጃዎች ወጥተው እንዲሠሩ፣ አብዛኞቹም እንዲያስተምሩ ተደረገ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። እነዚህ ሁለቱ በግዴታ የተደረጉ ስለ ነበሩ በጎ ፈቃድ አንላቸውም። ሆኖም በአገር ውስጥም ቢሆን ሰው «ሌላ አገር» እንደሚገባ አስተምረውናል። የከተማ ልጅ ቋንቋውን በማያውቀው ቀበሌ ሲያድር የድንበር ማኅተም ፓስፖርቱ ላይ ባይመታበትም ባይተዋር ነው። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደም እንዲሁ።

4ኛ/ 187ቱ የጤና በጎ ፈቃደኞች

ከሁሉ ይልቅ ልናስበው የሚገባ ምሳሌ የቅርብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢቦላ ወረርሽኝ ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን አስጨነቀ። እስኪገታ ድረስ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከነዚህም ውስጥ ከ500 በላይ የሚሆኑት የጤና ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር 187 ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች በገዛ ፈቃዳቸው፣ በአፍሪካ ኅብረት ዘመቻ አማካይነት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዱ።

ይህ አገልግሎት ለናፍቆት ምን ያህል የተመቸ እንደ ነበር ማየት ይቻላል። የታኅሣሥ 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የገና በዓልና የጥር 11 ጥምቀት የዋሉት ገና ከሄዱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። አገሩ የባሕር ዳር አገር ነው፤ ሙቀቱና ወበቁ ለደገኛ ከባድ ነው። ምግቡ ሩዝ፣ የካሳቫ ቅጠልና የዘንባባ ዘይት ነው። ሰዓቱ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በአገር ቤት እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው አርፎ ስልክ ሊደውል ሲል እናቱ ተኝታለች። ከዚህም በላይ፣ በሽታው በንክኪ የሚተላለፍ ስለ ሆነ በእነዚያ አገሮች መጨባበጥ ቀርቶ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ያደገ ሰው ለወራት ማንንም ሳይነካ፣ በየበሩ እጁን በክሎሪን ውኃ እየታጠበ ይኖራል። በሕክምናው ቦታ ከእግር እስከ ራስ የሚሸፍን ልብስ ስለሚለበስ ሕመምተኛው የሐኪሙን ፊት አያይም። በዚህም ምክንያት በብዙ የኢቦላ ማዕከሎች ሠራተኞች ስማቸውን በልብሳቸው ላይ ይጽፉ ነበር።

ይህን ልማድ ልብ እንበለው። ልብሱ ላይ ስም የሚጻፈው አንደኛ ሥራውን ለማቀናጀት፣ ሁለተኛም ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ሰው መሆኑን ሕመምተኛው እንዲያውቅ ነው። ሰው በሰው አገር የሚጠማው ይህንኑ ነው፤ በስሙ መጠራትን። ያለ መጨባበጥም ቢሆን ይህ ይቻላል።

5ኛ/ ናፍቆት እንዴት ይመጣል፣ እንዴትስ ይሄዳል?

ስቨረ ሊስጎር የተባለ ኖርዌያዊ እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተመው ጥናት፣ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው የተመለሱ 200 የአገሩን ሰዎች ጠይቆ ነበር። ከስድስት ወር በታች የቆዩትና ከ18 ወር በላይ የቆዩት በደኅና የለመዱ ሲሆኑ፣ ከስድስት እስከ 18 ወር የቆዩት ግን ይልቁን ተቸግረው አገኛቸው። በመጀመሪያ ሁሉ አዲስ ሆኖ ያስደስታል፤ ቀጥሎ አዲስነቱ ያልቅና የጎደለው ይታያል፤ በመጨረሻም ሰው መላውን ያገኛል ተባለ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ሁሉም ሰው በዚህ ቅደም ተከተል እንደማያልፍ፣ ለብዙዎችም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ የከበዱ እንደ ሆኑ አሳይተዋል።

ለእኛ የሚጠቅመን ቁም ነገር፣ ናፍቆት እንደ ማዕበል የሚመጣና የሚሄድ መሆኑ ነው። የሚበረታበትም ጊዜ ይታወቃል፤ ሲመሽ፣ ሥራ ሲፈታ፣ ሲታመሙ፣ በዓል ሲደርስና ከቤት ወሬ ሲሰማ ነው። ስለዚህ በናፍቆት ሌሊት የታሰበ ውሳኔ ለጥዋት ይቆይ። «ልመለስ» የሚለው አሳብ ተገቢ ቢሆን እንኳ ከሳምንት በኋላም በቀን ብርሃን ተገቢ ሆኖ ይገኛል።

6ኛ/ የሚሄደው ምን ያድርግ?

ሀ/ ሄዶ ሳይሆን ከመሄዱ በፊት ይዘጋጅ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ምክር፣ ከቤት የሚርቅ ልጅ ራሱ በውሳኔው እንዲሳተፍ፣ አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት ከቤት ውጭ ማደርን እንዲለማመድ፣ ስለሚሄድበት ቦታም እንዲያውቅ ያሳስባል። ወላጆችም «ካልተመቸህ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብለው ቃል እንዳይገቡ ይመክራል፤ ይህ ቃል ልጁ ከመልመድ ይልቅ መጠበቅን እንዲመርጥ ያደርገዋልና። ለልጆች የተነገረው ለእኛም ይሠራል።

ለ/ ቀኑን ሥርዓት ያስይዘው። የሚነሣበት፣ የሚያበስልበት፣ የሚጸልይበት፣ የሚያርፍበት ሰዓት የታወቀ ይሁን። በተለይ ማታውን ባዶ አይተወው።

ሐ/ ከቤት ጋር ይገናኝ፤ ነገር ግን በልክ። በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን መደወል መልካም ነው። ቀኑን ሙሉ በስልክ አገር ቤት የሚውል ግን እግሩ እንጂ ልቡ አልሄደም፤ የጎረቤቱንም ስም ሳያውቅ ወራት ያልፋሉ። ወላጆችም የቤቱን ችግር ሁሉ አያሸክሙት፣ ደስታውንም አይደብቁበት።

መ/ ቋንቋውን ይማር። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ የሐዘን ቃልና የገበያ ቁጥር ከሁሉ ይቀድማሉ። ሰው ቢስቅበት አብሮ ይሳቅ። ቋንቋ ሲማር ሕፃናት ሳይቀሩ አስተማሪዎቹ ይሆናሉ፤ ለማስተማር የመጣው ተማሪ ሲሆን በእርሱና በሕዝቡ መካከል ያለው አጥር ይወድቃል።

ሠ/ ሲሰጡት ይቀበል። ይህን ነጥብ አጥብቀን እንናገራለን። በጎ ፈቃደኛ ብዙ ጊዜ «ድሆችን እንዴት አስቸግራለሁ» እያለ ግብዣ ይመልሳል። አሳቡ ደግ ነው፤ ነገር ግን ያቀረበችለትን ድንች ወይም ሁለተኛውን ስኒ ቡና የማይቀበል እንግዳ ባለቤቲቱን ያስከፋል፣ ራሱንም ብቸኛ ያደርጋል። ሁልጊዜ ሰጪ የሆነ ሰው ሹም ይመስላል እንጂ ጎረቤት አይሆንም። ለቅሶ ሲሆን ይድረስ፣ ሠርግ ሲጠራ ይሂድ፣ ሲታመም እንዲጠይቁት ይፍቀድ።

ረ/ ሲከብደው ይናገር። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ሥራውን መሥራት ካቃተው ወይም መኖርን ከጠላ ይህ ተራ ናፍቆት አይደለም። ለሐኪም፣ ለኃላፊውና ለሚያምነው ሰው ይንገር። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ቤቱ ቢመለስ ሊያፍር አይገባውም፤ እኛም ልናሳፍረው አይገባንም።

7ኛ/ የእኛ የተቀባዮቹ ድርሻ

እስከ አሁን የተናገርነው የሂያጁን ነው። ነገር ግን የናፍቆት ግማሹ መድኃኒት በተቀባዩ እጅ ነው። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚለውን ሁላችን እናውቃለን።

ከቆላ አገር የመጣች ነርስ ወይም ከከተማ የመጣ መምህር በስሜን ተራሮች አልፎ ወደ ጃናሞራ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ዘመዱ ሩቅ ነው፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ የገብስ እንጀራችንንም ላያውቀው ይችላል። ዓመቱ ሳያልቅ ዝውውር ቢጠይቅ የሚጎዳው ማን ነው? መምህር ያጡ ልጆችና ነርስ ያጣች ወላድ ናቸው። ስለዚህ እንግዳን መቀበል ለጨዋነት ብቻ የሚደረግ ሳይሆን ለአገራችንም ጥቅም ነው።

ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በደረሰ ሳምንት ቡና እንጥራው። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ካለን እናውሰው። ስሙን አስተካክለን እንጥራ፤ የእናቱን ስምና የአገሩን ነገር እንጠይቅ። በአነጋገሩ አንሳቅበት። እኅት ከሆነች ገበያና ውኃ ስትሄድ የምታጅባት ባልንጀራ እንፈልግላት፤ ቤቷም የሚያሠጋ እንዳይሆን ታላላቆችን እናሳስብ። በበዓል ዕለት ማንም እንግዳ ቤቱን ዘግቶ እንዳይውል ተራ እንግባ። በየሳምንቱ «መቼ ነው የምትሄደው?» ብለን አንጠይቀው። እርሱም በአገሩ ሥርዓት ያበሰለውን ሲያቀርብልን እንቅመስ፤ ለካ እኛም መቀበልን መማር አለብን።

ስለዚህ ነገር ከታሪካችን አንድ ሰው እናስታውስ። በ4ኛው መቶ ዓመት ከጢሮስ የመጡት ወንድማማቾች ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ አክሱም የደረሱት ወደው ሳይሆን ተማርከው ነው። ኋላ ወደ አገራቸው እንዲሄዱ ሲፈቀድላቸው ኤድስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ፈጠነ፤ በዚያም ካህን ሆኖ አገለገለ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ በገዛ ፈቃዱ ወደ አክሱም ተመለሰ። ሁለቱም አንድ ቤት የናፈቁ ወንድማማቾች ነበሩ። ወደ ቤቱ የተመለሰውን ማንም አልነቀፈውም። የቀረው ደግሞ ባዕድ ሆኖ አልቀረም፤ ሕዝቡ አባ ሰላማ፣ ከሣቴ ብርሃን ብሎ ስም አወጣለት። በሰው አገር ስም የወጣለት ሰው ሁለተኛ አገር አገኘ።

8ኛ/ ማጠቃለያ

አገልግሎቱን ጨርሶ የሚመለስ ሰውም ሌላ ናፍቆት ይጠብቀዋል፤ ያን ጊዜ የሚናፍቀው የተወውን ሕዝብ ነው። ያን ናፍቆት ይዞ የተመለሰ በእውነት ሄዶ ነበር ማለት ነው። በመሆኑም ውድ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ከእኛ የሚሄደውን ስንቅ ስንሰንቅለት ይህን ትምህርት አብረን እንሰንቅለት፤ ወደ እኛ የመጣውንም በዚህ ሳምንት ስሙን ጠይቀን ቤታችን እንጥራው። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአብነት ተማሪ ናፍቆትን እንዲችል የረዱትን አራት ነገሮች ዘርዝሩ። ዛሬ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወጣት ከነዚህ የትኛውን ሊያጣ ይችላል?
2. በግዴታ በሄደና በፈቃዱ በሄደ ሰው ናፍቆት መካከል ልዩነት አለን? ምክንያታችሁን ግለጡ።
3. ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ የተለያየ ውሳኔ ወሰኑ። ሰው መቼ ቢቀር፣ መቼስ ቢመለስ ይሻላል?
4. በአሁኑ ጊዜ በመካነ ብርሃን ከሌላ ቦታ መጥተው የሚያገለግሉ እነማን ናቸው? በሚመጣው በዓል የትኛው ቤት ማንን ይጠራል? ተነጋግራችሁ ወስኑ።